ማዶ ለእኔ ሲለቀስ

ገላባት ቀትር ላይ ይተኛል። ፖሊሱ ጠመንጃውን ታቅፎ ተኝቷል፣ እንግሊዙ መኮንን እርጥብ ፎጣ ፊቱ ላይ ጥሎ ተኝቷል፣ ነጋዴው ከሱቁ ወለል ላይ፣ አህያው ከሱቁ ጥላ ሥር ተኝቷል፤ እኔ ብቻ በዚህ አንገረብ በሚሉት የጠፍር አልጋ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ከግራ ወደ ቀኝ እየተገላበጥሁ ማዶ የሚለቀሰውን ለቅሶ እሰማለሁ። የሚለቀሰው ለእኔ ነው። እኔ አዛናው፣ የኮኪቷ የጸዳለ ልጅ፣ ካይሮ ላይ የሕንጻ ትምህርት ጀምሮ ያልጨረሰው፣ ከትናንት ጧት ጀምሮ ለመተማ ሰው ሞቻለሁ። የገደልሁት እኔው ነኝ፣ መርዶውንም የላክሁት እኔው ነኝ፤ በዚህ አልጸጸትም። የሚያናድደኝ ለቅሶው ከዚያ መሰማቱ ነው። ይህን ጊዜ መተማ ያለው የእኅቴ የአየሁሽ ቤት ባዶ መሆን ነበረበት፤ ጎረቤቱም ሁሉ እሷን አጅቦ ኮኪት፣ እናቴ ደጅ ደርሶ ደረቱን እየደቃ መሆን ነበረበት። እነሱ ግን እዚያው ናቸው፤ ከቤንዚኑ በርሜል ሥር፣ ነገ ጧት አውሮፕላን ከሚመጣበት ቦታ ላይ ተቀምጠው ስሜን እየጠሩ ያለቅሳሉ።

ስደተኛ ማለት ባሕር የተሻገረ፣ አገሩን በሕልሙ ብቻ የሚያይ ሰው ነው። የእኔ ግን አልሸሹም ዞር አሉ ነው፤ አገሬን በየቀኑ ከአልጋዬ ተነሥቼ በር ላይ ቆሜ አየዋለሁ። ከገላባትና ከመተማ መካከል ያለው አንድ ኮር ብቻ ነው፤ ኮር የሚሉት በጋ የሚደርቅ ክረምት የሚያጓራ የአሸዋ ወንዝ ነው፣ ድንበሩም እሱ ነው፣ ጎረምሳ ሳለሁ በአንድ ትንፋሽ ሮጬ የምሻገረው። ማዶ የማን ዶሮ እንደጮኸ እለያለሁ። ከእኅቴ ቤት ጭስ ሲወጣ አያለሁ፣ ሳይወጣ ከዋለም አያለሁ። ግን አልሻገርም፤ ጣሊያን ፊደል የቆጠረውን ሁሉ እየለቀመ ይገድላል፣ የእኔም ስም ጠፍቶት አይደለም። ስልክ አንድ አለ፣ መኮንኑ ክፍል ውስጥ፣ እሱም የሚደውለው ወደ ገዳሪፍ እንጂ ወደ አገሬ አይደለም። ወደ አገሬ የሚደወለው በጉሮሮ ነው። ኮሩ አሸዋ ላይ የውሃ ጉድጓዶች አሉ፣ የዚህም የዚያም ሴቶች ይቀዱበታል፣ ጦርነቱ ከታወጀ ወዲህ እንኳ ማንም ውሃ የምትቀዳ ሴት ላይ አልተኮሰም፤ ወሬ የሚሻገረው በዚያ ነው፣ አንዷ ማዶ ሆና ትጮኻለች፣ ሌላዋ ወዲህ ሆና ትመልሳለች፣ ሠርጉም ልደቱም ሞቱም በጩኸት ያልፋል። ሁለት ዓመት ሙሉ አየሁሽ እንስራዋን አስቀምጣ «ወንድም ዓለም፣ ደኅና ነህ ወይ?» ስትለኝ እኔም ከዚህ ከቁልቁለቱ አፋፍ «ደኅና ነኝ» እላታለሁ። ከዚያ በላይ በጩኸት አይባልም። እናቴ ታማ እንደሆነ፣ እስከ አሁን ምን ይሠራል ትል እንደሆነ በጩኸት አይጠየቅም፤ ባንዳው ይሰማል፣ ፖሊሱ ይሰማል፣ አገር ይሰማል። ደኅና ሳልሆን ደኅና ነኝ እያልሁ ጉሮሮዬ ነቃ።

ነገርን ነገር ያነሣዋል፤ ካይሮ። እናቴ ምስር የምትለው። የላከኝ መንግሥት ነው፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት መሥራት ተምረህ ትመጣለህ ተብዬ። የንድፍ መምህራችን ጣሊያን ነው፤ ነጭ ሱሪ ይለብሳል፣ ሰፊ ባርኔጣ ያጠልቃል፣ በጀልባ ወደ ላይኛው ግብፅ ይዞን ይወጣና እያንዳንዳችንን ከነውሃ ቀለም ሣጥናችን ፍርስራሽ ቤተ መቅደስ ፊት ያስቀምጠናል። የጉዞ ሥዕል ለሕንጻ ተማሪ እንደ ዳዊት ነው፣ በየቀኑ ካልደገሙት ይጠፋል ይላል፤ ዳዊት አላለም፣ እኔ ነኝ ዳዊት ያልሁት፣ እሱ ያለውን ረስቼዋለሁ። ያሰባችሁትን አትሣሉ፣ ያለውን ሣሉ ይላል። ሕንጻ ሥላችሁ ሰው ካላቆማችሁበት ትልቅ ይሁን ትንሽ ማን ያውቃል፣ አንድ ሰው አቁሙበት፣ ለመጠን፣ ይላል። እውነቱን ነው፣ ጥሩ መምህር ነበር፣ እሱም ያናድደኛል። አዲስ አበባ የተያዘ ዕለት ክፍል ውስጥ ከረሜላ አዞረ። ለእኔም ሰጠኝ። እጄም ለሰጡት ነገር መዘርጋት ለምዶ ተዘረጋ፣ ተቀበልሁ፣ አመሰገንሁም፣ ከዚያ የመስጊዱን ቅስት ከተውሁበት ቀጠልሁ፣ መስመሬም አልተንቀጠቀጠ። ብወረውርበት ምን ነበረበት? ብነሣ ምን ነበረበት? ትንሽ ቆይቶ ቀለቤ ተቋረጠ፣ የላከኝም መንግሥት ተሰደደ፣ ሣጥኔን ይዤ ዓባይን ሽቅብ ተያያዝሁት፤ አስዋንን ሣልሁ፣ ሐልፋን ሣልሁ፣ ካርቱም ሁለቱ ዓባዮች የሚጋጠሙበትን ሣልሁ፣ ገዳሪፍ የማሽላ ክምሩን ሣልሁ። ሰው አገሩ እየነደደ እሱ ውሃ በጥብጦ ወንዝ ይሥላል። ገላባት ስደርስ ቀለሙ ቢያልቅ ይሻል ነበር።

አላለቀም። መተማን ሣልሁ። ማን ያዘዘኝ አለ፣ ማንም፤ ናፍቆት ነው። እዚህ አገር ቀለሙ ሳይዘረጋ ይደርቃል፣ ሰማዩን በአንድ ጊዜ ካላለበሱት ጠርዝ ሠርቶ ይቀራል፤ ስለዚህ ከፀሐይ በፊት እነሣና ሰማዩን አስቀድማለሁ፣ ከዚያ ኮረብታውን፣ ከዚያ የሣር ጣራውን፣ ቆርቆሮውን ባዶ ወረቀት አድርጌ እተወዋለሁ፤ ነጩ ወረቀት ራሱ ያበራል። ያከራየችኝ የመጂዳ ቤት ግድግዳው በሙሉ መተማ ሆነ። በዚህ በሰኔ መግቢያ ጣሊያኖቹ ከአየሁሽ ቤት ጀርባ፣ ከትልቁ ዲማ ዛፍ ሥር፣ ጥቁር በርሜል መደርደር ጀመሩ። እሱንም ሣልሁ። ምን ላድርግ፣ ያ ሁሉ ገለባ መልክ ቤት ጥቁር ነገር አንሶት ነበር፣ በርሜሉ ሥዕሉን አቆመው። አጠገቡም አንድ ሰው አቆምሁ። በማግሥቱ መኮንኑ ሊፈትሽ መጣ፤ አዲስ ነው፣ ስደተኛ ሁሉ ሰላይ ይመስለዋል። ግድግዳውን እያየ ሄደ፣ ከመጨረሻው ሥዕል ፊት ቆመ።

«ይህ ጥቁሩ ምንድን ነው?» አለኝ በዐረብኛ።

«በርሜል።»

«የምን?»

«ካሚዮን ሲቀዳበት አይቻለሁ። ቤንዚን ይመስለኛል።»

«ሰውየውስ?»

«እሱ ለመጠን ነው» አልሁት።

ሳቀ። «በጣም ጥሩ መጠን ነው። ስንት በርሜል እንደሚሆን አሁን ገባኝ» አለና ሥዕሉን ከግድግዳው ላይ ላጠው። መልስልኝ አልሁት። ለጊዜው ተበድረነዋል አለ። ተከትየው ሄድሁ፣ በሩ ላይ ከለከሉኝ፣ በመስኮቱ ስልኩን ሲያዞር አየሁት፤ እንግሊዝኛዬ ትንሽ ናት፣ ግን ሥዕሌን ሰው አፍ ውስጥ ብሰማው አውቀዋለሁ። ትልቁ ዛፍ ይላል፣ ከዛፉ በስተግራ ይላል፣ ቆርቆሮ ጣራ ይላል። ቆርቆሮ ጣራው የእኅቴ ነው። አውሮፕላኖቹ ቅዳሜ ጧት ፀሐይ ስትወጣ ይላል። ስልኩን ዘጋው፣ ሥዕሌንም በመኪና ገዳሪፍ ላከው። ለእሱ እንዳልሣልሁት እንዴት ይገባዋል? ልክ ባልሆን፣ እጄ ቢያጥር፣ ካይሮ ባልማር ኖሮ ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር።

የሣልሁት ሰውዬ ፈረደ ነው፣ የአየሁሽ ባል። ባንዳ ነው፤ የጣሊያንን ጠመንጃ ይዞ የጣሊያንን ቤንዚን ይጠብቃል፣ በርሜሉንም እቤቱ ጀርባ ያስደረደረው እሱ ነው፣ ሚስቴን እያየሁ ልጠብቅ ብሎ። ያን ቤንዚን የጠጡ ካሚዮኖች ናቸው ቋራ ወርደው የአርበኛውን ጎተራ ያቃጠሉት። እኔም በርሜሉ ይቃጠል እላለሁ፣ ከማንም በላይ ነው የምል። ግን ለአየሁሽ ውጪ ብላት ለምን ትለኛለች፣ ብነግራት ለባሏ ትነግራለች፣ ባሏ ለጌታው ይነግራል፣ በርሜሉ ተንከባሎ የሌላ ሴት ቤት ጀርባ ይሄዳል፣ ያቺ ሌላ ሴት ደግሞ ገላባት ላይ የሚጨነቅላት ወንድም የላትም። ለምን ሳይጠየቅ፣ ጎረቤት ሳይቀር፣ መንደሩን ነቅሎ የሚያስወጣ ቃል በአገሬ አንድ ብቻ ነው ያለው። መርዶ ነው። መርዶ ለእናት በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። የቅርብ ዘመድ ይሰማና ጎረቤቱን ሁሉ አስከትሎ፣ የተጣላው ሳይቀር፣ ወደ እናት ቤት ይሄዳል፣ እዚያ ያድራል፣ እስከ ሠልስት አይመለስም። እናቴ ያለችው ኮኪት ነው። ስለዚህ ልሙት አልሁ። ፈረደ ይሄዳል አይሄድም የሚለውን አላሰብሁበትም። ውሸት ነው፣ አስቤበታለሁ፤ ዘበኛ ነውና ይቀራል ብያለሁ፣ ደስም ብሎኛል።

መጂዳ ደጃፏ ላይ ማሽላ ታበጥር ነበር። የእናቴ እኩያ ናት፣ መተማ ተወልዳ ገላባት የተዳረች፣ በሁለቱም ወገን የምትታመን ነጋዴ።

«ሐጃ፣ አንድ ነገር ማዶ ይንገሩልኝ» አልኋት።

«ምኑን?»

«መሞቴን።»

ሰፌዷን አስቀመጠች። «አንተ ልጅ፣ ፀሐይ መታህ? ሞት አይቀለድበትም። የጠሩት እንደሆን ወላሂ ይመጣል።»

«ካልጠራሁት ወደ እነሱ ነው የሚሄድ፣ ሐጃ።» ሁሉንም ነገርኋት። ሰፌዷን መልሳ አነሣች።

«በምን ሞተ ልበላቸው?»

«በወባ።»

«ወባ ደግ ነው። ወባን ማንም አይጠረጥር» አለች።

ትናንት ጎሕ ሲቀድ ወረደች፣ እኔ ከአጥሩ ኋላ ሆኜ ሰማሁ፤ መጀመሪያ የመጂዳ ድምፅ፣ ቀጥሎ እንስራ ሲሰበር፣ ቀጥሎ አየሁሽ። የእኅቴን ጩኸት ከማንም ጩኸት እለያለሁ። ሄደች አልሁ፤ አሁን ተጠራርተው መንገድ ይጀምራሉ፣ ማታ ኮኪት ይደርሳሉ፣ ቅዳሜ ጧት ቤቱ ባዶ ነው። ቀኑን ሙሉ እንደ ሌባ ተደብቄ ዋልሁ፣ ሌሊቱንም አልተኛሁ፣ ዛሬ ዓርብ ቀትር ሆነ፣ ለቅሶውም እዚያው ነው።

በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ዳስ ጥለዋል። የካሚዮን ሸራ ከአየሁሽ ቤት ጣራ እስከ ዲማው ዛፍ ወጥረውታል፤ አንዱን ጫፉን በርሜል ላይ ነው ያሰሩት። ከሸራው ሥር ነጠላ ያዘቀዘቀው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ መሬቱ አይታይም። እኔም ይህን እያየሁ፣ በዚህች ቅጽበት፣ ዓይኔ ነጩ ከጥቁሩ ጎን እንዴት እንደሚያምር አየ። ይህን ዓይን አውጥቼ ለውሻ ብሰጠው ደስ ይለኛል። አልቃሿ ታወርዳለች፣ ሕዝቡ ይቀበላል፣ ነፋሱ ወዲህ ሲነፍስ ቃሉ ጥርት ብሎ ይደርሰኛል፤

ቤት ይሠራል ብዬ ምስር የላክሁት፣
ቤቴን አፈረሰው ማዶ ሆኖ በሞት።

ወይ ይህች ሴት። ገና መች ፈረሰ። ውጡ እላችኋለሁ፣ ውጡ፣ ሞትሁላችሁ፣ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያድርግላችሁ? ሌላው ሰው ሲሞት መንደር ትነቅላላችሁ፣ እኔ ስሞት ቁጭ ትላላችሁ። መጂዳ በሩን ገፍታ ገባች፣ ላብ በላብ ሆናለች።

«ተነሥ፣ አንተ ሙት። እናትህ መጥታለች።»

«ከኮኪት? በምን?»

«በካሚዮን። ፈረደ ጣሊያኑን እግሩ ላይ ወድቆ ለመነና ትናንትናውኑ ካሚዮን አስላከላት። የኮኪት ሰውም አብሯት ተጭኖ መጣ።»

መንገዱ። እኔ ሰውን በእግሩ አስኪጄ፣ መርዶውን በእግሩ አስኪጄ ነው ያሰብሁት፣ ስሄድ እንደነበረው። ጣሊያን መንገድ አውጥቷል፤ በየቀኑ አያለሁ፣ በየቀኑ በቡናማ ቀለም አንድ ጊዜ አስምሬው አልፋለሁ፣ ሰው የሚሄድበት መሆኑን ግን አላሰብሁም። «ልጇ ኮኪት አይደለም የሞተ» አለች መጂዳ፣ «እሷም ኮኪት ተቀምጬ አላለቅስም፣ ለልጄ የሚቀርበው መተማ ነው አለች። አሁን የውሃው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጣ መቃብሩን አሳዩኝ ትላለች። መስኪን፣ ውሃ ስሰጣት አልጠጣም አለች።» የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት ይህ ነው። አንዲት እኅት ላወጣ እናቴንና ኮኪትን በሙሉ ቤንዚን ላይ አስቀመጥሁ። አንገረቡን በእርግጫ መታሁት።

«መቃብር ቢኖር ይሻገራሉ?» አልኋት።

«እናት ኮር አትሻገርም ብለህ ነው?»

«እሷ ብቻ አይደለም። ሁሉም።»

«እናት ወደ መቃብር ስትሄድ ማን ዳስ ይጠብቃል? ሁሉም ይከተላታል። ሻዊሹን፣ የዚህን ኬላ አለቃ፣ እኔ እለምነዋለሁ፣ እሱም እናት አለችው። የማዶው ነው የሚቸግር።» ተመልሳ ወረደች፣ ጎሕ ሲቀድ እንዲመጡ ልትነግራቸው።

መቃብር መሥራት ጀመርሁ። ከመጂዳ ግቢ ኋላ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ አጥሩ ከማዶ በሚከልለኝ በኩል። ስንት ዓመት የሕንጻ ተማሪ ነኝ፤ ዓምድ ለክቻለሁ፣ ቅስት ነድፌያለሁ፣ በወረቀት ላይ ከተማ ሠርቻለሁ፣ አንድ ድንጋይ ግን በድንጋይ ላይ አስቀምጬ አላውቅም፤ ይኸው የመጀመሪያዬን ሠራሁ፣ ባለቤቱም እኔው፣ ግንበኛውም እኔው። አፈሩን ቆፍሬ መልሼ ደፋሁት፣ አዲስ መሆኑ እንዲታይ። ፀሐዩ አናቴን ይበሳል፣ እጄ ቆሰለ፣ ድንጋዩ እምቢ ባለኝ ቁጥር እሰድበዋለሁ፤ ድንጋዩን፣ መኮንኑን፣ ከረሜላ ያዞረውን መምህር፣ ካሚዮን የላከውን ፈረደን፣ ኮኪት አርፋ ያልተቀመጠችውን እናቴን። መጂዳ ስትመለስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች፤ ጎንበስ ብላ ድንጋይ ታቀብለኝ ጀመር።

«ራሱ ወዴት ነው?»

«ወደ ምዕራብ። ስንነሣ ፊታችን ወደ ምሥራቅ እንዲሆን።»

«እናንተም ትነሣላችሁ?» አለች፣ በዚያ ሁሉ መካከል ሳቅሁ። ከአንገረቡ እግር ሁለት እንጨት ነቅዬ መስቀል አሰርሁ።

«ኸላስ፣ አለቀ» አለች እጇን እያራገፈች፣ «ጧት ጎሕ ሲቀድ ይሻገራሉ፣ ሴቱም ወንዱም። ጣሊያኑ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር፤ ይህ ሁሉ ሰው ተሻግሮ እንግሊዝ ዘንድ ቢቀርስ አለ። ዋስ አምጡ አለ።»

«ዋስ ተገኘ?»

«ፈረደ ሆነ። ጠመንጃውን አስረክቦ በርሜሉ ላይ ተቀመጠ። የሚስቴ ወንድም ነው፣ አማቴ ልጇን ሳታይ ቀበረች አይባልም፣ ካልተመለሱ እኔን ግደሉ አለ።» መጂዳ መቃብሩን እንጂ እኔን አታይም። «ማታ ውሃ ልቀዳ እወርዳለሁ። የምትለው ካለ አሁን በለኝ።»

ለምን ሰው ሆነ? ባንዳ ባንዳነቱን ይዞ ቢቀመጥ ምን ነበረበት? እኔ የማውቀው ፈረደ ጠመንጃ ይዞ ከበርሜል ጎን የሚቆም ነው፤ እሱን መጥላት እችላለሁ፣ በእሱ መቃጠል እንቅልፍ አላጣም ነበር። ይህ ለእናቴ ብሎ ጣሊያን እግር ላይ የሚወድቀው፣ ለእኔ ለቅሶ አንገቱን ዋስ የሚሰጠው ከየት መጣ? እኔን በሕይወት ሳለሁ በአንድ ቃል እንኳ ጠይቆኝ አያውቅም። ውጣ ብዬ ብልክበት ይወጣ ይሆን? ዋስ ነው፤ ከሸሸ ጣሊያኑ ይነቃል፣ በርሜሉን ያንከባልላል፣ መሻገሩንም ይከለክላል፣ ሁሉም እዚያው ያልቃሉ። ባይሸሽስ፣ ብነግረው ለጌታው ላለመናገሩ ማን ዋስ ይሆነኛል? ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ ዛሬም ቢጠይቁኝ ይህንኑ እላለሁ። ግን ይህን ሁሉ ያሰብሁት ለመጂዳ «ምንም የለኝ» ካልኋት በኋላ ነው።

መጡ። ጎሕ ቀዷል፣ ደመና የለም፣ ኮሩ ውስጥ ነጠላ በነጠላ ሆኗል፣ ሻዊሹ ቆሞ እያሳለፋቸው ነው። እኔ ከመጂዳ የማሽላ አገዳ አጥር ኋላ ተቀምጫለሁ። እናቴን ሁለት ሴቶች ደግፈዋታል፤ አሮጊት ሆናለች፣ ማንም አልነገረኝም፣ በጩኸት እንዴት ይነገረኛል። አየሁሽ ፊቷን ነጭታዋለች። እናቴ ድንጋዩን ስታይ የደገፏትን አስለቀቀችና ብቻዋን ሄዳ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ቁጣዬን ከማን እንደወረስሁት ያን ጊዜ ሰማሁ።

«ቤት ሥራልኝ ብዬ ነው የሰደድሁህ» አለች ለድንጋዩ። «አገር ለአገር ዞረህ ለመሞት ደጃፌ መጣህ? ደጃፌ ድረስ መጥተህ እንዴት አልገባህም? እኔ በሬን ዘግቼብህ አውቃለሁ? ተናገር እንጂ።»

አፌን በእጄ ይዣለሁ። ውጣ ይለኛል ሆዴ፣ ገና ነው እለዋለሁ። ከገዳሪፍ በኩል ድምፁ መጣ፣ መጀመሪያ ቀጭን ነው፣ ሰዉ ቀና አለ፣ ከዚያ ከራሳችን በላይ አለፉ፣ ዝቅ ብለው፣ ትልቁን ዛፍ አውቀውታል፣ ከዛፉ በስተግራ፣ ቆርቆሮ ጣራ፣ ሁሉንም አውቀውታል። መሬቱ ከሥሬ ተነሥቶ ተመለሰ። በርሜሎቹ ተራ በተራ ሲፈነዱ፣ ጥቁሩ ጭስ ኮሩን ተሻግሮ ሲመጣ፣ ሰዉ ሁሉ ተደፍቶ ሲጮኽ ተነሥቼ ወጣሁ። ያዩኝ ሴቶች ጩኸታቸውን ለወጡት፣ ያማትባሉ፣ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። እኅቴ ግን ወደ ኮሩ እየሮጠች ነበር፤ ስታየኝ ቆመች።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ አየሁሽ። አልሞትሁም።»

መቃብሩን አየችው። ማዶ የሚነደውን ቤቷን አየችው። አየሁሽ ሞኝ አይደለችም፣ በልጅነቷም አልነበረችም።

«እንደሚመጡ ታውቅ ነበር።»

«ላወጣችሁ ነው። ሌላ መንገድ አጣሁ።»

«ፈረደንስ?»

ለመጂዳ «ምንም የለኝ» ያልኋት ያ ቃል ብቻ ነው አፌ ላይ የመጣ። ዓይኔን እያየች ትጠብቃለች።

«አንተን አልቅሼ ጨርሻለሁ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ ዞራም ቁልቁለቱን ወረደች።

እናቴ ከመቃብሩ አጠገብ ተነሥታ መጣች። በሁለት እጇ ፊቴን ያዘች፣ ጉንጬን፣ ጆሮዬን፣ ጸጉሬን ዳሰሰች፣ ግንባሬን ሳመችኝ። እማ አልኋት። ማዶ ጭሱን ቀና ብላ አየችው፣ እጆቿም ከፊቴ ላይ ወረዱ።

«ደኅና ሁን፣ ልጄ» አለችኝ። «ለቅሶ አለብኝ።»

ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀችው ሴት ልጇን ተከትላ ወረደች፤ ለእኔ ሊያለቅስ ከኮኪት የመጣውም ሰው ሁሉ ተከትሏት ተሻገረ።